መሪ ሲዞር መኪናው ለምን ይጮሃል? ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት በተራ የምታዩት ነገር

መሪ ስታዞሩ ከኮፈኑ ስር "ዊይይይ" ወይም "ኡኡኡ" ሚል ድምፅ ከመጣ እና ጋራዥ ሄዳችሁ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት "ፓምፑ አልቋል፣ ይቀየር" ከተባላችሁ ትንሽ ታገሱ። ፓምፑ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ አይካድም፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ዘይት ስላነሰው ወይ አየር እየሳበ ስለሆነ ነው፣ እና ዋናው ምክንያት ሳይነካ ሌላ ፓምፕ ከተገጠመ አዲሱም በዛው ድምፅ ይቀጥላል፣ ቆይቶ ደሞ እሱም ይበላል፣ ከዛ "ኦሪጅናል አልነበረም" ተብሎ ሦስተኛ ፓምፕ ፍለጋ ይኬዳል። ስለዚ አካሄዱ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ ቱቦና ኦሪንግ (መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባው የላስቲክ ቀለበት)፣ ከዛ ቤልት፣ ፓምፑ የመጨረሻ።

መኪናችሁ የመሪ ዘይት አለው ወይ?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል ግን እዚ ጋ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ከተማችን ውስጥ ያሉት የድሮ ኮሮላዎች፣ ዶልፊን ሚኒባስ፣ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ አይሱዙ ምናምን ባብዛኛው በሃይድሮሊክ ነው ሚሠሩት፣ ማለትም ፓምፕ አለ፣ ዘይት አለ፣ ቱቦ አለ። ሱዙኪ ዲዛየር፣ ቅርብ ጊዜ የተመረቱት ቪትዝና ያሪሶች፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን መሪያቸውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ የመሪ ዘይት ሚባል ነገር የላቸውም። ለማረጋገጥ ኮፈን ክፈቱና የመሪ ምልክት ያለበት ክዳን ወይም "ፓወር ስቲሪንግ" ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ማጠራቀሚያ ፈልጉ። ካለ ሃይድሮሊክ ነው። ከሌለ ባብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። (አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ደሞ ዘይት አላቸው ግን ፓምፑን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው፣ እነሱ ላይ የቤልቱን ክፍል ዝለሉት።)

ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ቆማችሁ ስታዞሩ የሚሰማ ቀለል ያለ "ዝዝዝ" ጤነኛ ነው። መሪው ከከበደና ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት ከበራ መጀመሪያ ባትሪውንና የባትሪ ጫፎቹን እዩ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ እገዛው ይቀንሳል። እሱ ደህና ከሆነ በኮምፒውተር ማስነበብ ነው። ከዚ በታች ያለው ለሃይድሮሊክ ባለቤቶች ነው።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ያህል፣ ፓምፑ ውስጥ ሚሽከረከር ነገር አለ፣ እሱ ላይ ደሞ ወጣ ገባ የሚሉ ስስ ብረቶች አሉ፣ ቤልቱ ሲያዞራቸው ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስበው ወደ መሪው ራክ (የመሪውን ዙር ለፊት ጎማዎች የሚያስተላልፈው አካል) በግፊት ይልኩታል። መሪው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ስታዞሩ ይጨምራል፣ እስከ መጨረሻ ስትጠመዝዙት ጣራ ይነካል። ለዛ ነው ቀጥ ስትሉ ዝም ያለ መኪና ፒያሳ ጠባብ ቦታ ላይ ፓርክ ለማድረግ ስትሉ ሰፈሩን የሚያስነሳው።

ድምፁን ለዩ

ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ። አንድ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥ፣ እናንተ ኮፈኑ ጋ ቁሙ። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የተንዘላዘለ የሹራብ እጅ፣ የአንገት ሀብል ካለ አውልቁ፣ ቤልቱና ቬንትሌተሩ ቀልድ አያውቁም። አሁን ሰውየው መሪውን ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ ያዙር።

ድምፁ መሪ ሲዞር ብቅ ብሎ ነዳጅ ሲሰጠው ቅጥነቱ ከፍ ከፍ የሚል "ዊይይይ" ከሆነ የሃይድሮሊክ ነው፣ የዚ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። ሹል ሆኖ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት፣ በተለይ መሪው መጨረሻ ሲደርስ ወይ ዝናብ ዘንቦ ውሃ ላይ ካለፋችሁ በኋላ ከሆነ ቤልት ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ ብቻ "ሽሽሽ" ካለ የፓምፑ ግፊት ማስተንፈሻ ስለተከፈተ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ግን እዛ ጥግ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ አታቆዩት፣ ዘይቱ ባንዴ ይሞቃል። "ቋ ቋ" ካለ ቴስቲና (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ወይ ሾክ አብዞርበር አናት ላይ ያለው ላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ከዘይት ጋር አይገናኝም። እየሄዳችሁ ስትታጠፉ "ቀጭ ቀጭ" ካለ የፊት አክሰሉ ጆይንት ነው። ድምፁ የሞተሩን ዙር ሳይሆን የመኪናውን ፍጥነት ከተከተለ ደሞ የጎማ ኩሽኔታ ጠርጥሩ፣ እሱ አደባባይ ላይ ስትዞሩ ድምፁን ስለሚለውጥ ብዙ ሰው የመሪ ችግር ይመስለዋል። መስቀል አደባባይ ጋ ቀስ ብላችሁ ስትታጠፉ ማርሹን ዜሮ አድርጉትና ሞተሩ ዙሩ ሲወርድ ድምፁ አብሮ ከወረደ ፓምፑ ጋ ነው፣ ባለበት ከቀጠለ ጎማው ጋ ነው። መኪና የበዛበት ሰዓት ላይ ግን አይሞከርም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ለደቂቃ ያህል ጮሆ ከዛ የሚጠፋ ድምፅ የተለመደ ቅሬታ ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ፓምፑ ለመሳብ ይቸገራል። ሲሞቅ መጥፋቱ ግን "ምንም አይደለም" ማለት አይደለም፣ ባብዛኛው ዘይቱ አርጅቷል ወይ የማጠራቀሚያው ወንፊት እየተደፈነ ነው ማለት ነው፣ ገና በርካሽ የሚድንበት ጊዜ ላይ ናችሁ።

እግረ መንገዴን፣ የፊት ጎማዎቻችሁን ንፋስ እዩ። የተንፈሰሰ ጎማ መሪውን ስለሚያከብድ ፓምፑን በከንቱ ያስለፋዋል። ንፋስ ብቻ ተሞልቶለት ድምፁ የቀነሰ መኪና አውቃለሁ።

ዘይቱ ምን ይላል

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት አካባቢውን በጨርቅ ጥረጉ፣ የአዲስ አበባ አቧራ ወደ ውስጥ ከገባ ፓምፑን እንደ አሸዋ ወረቀት ነው ሚልገው። ክዳኑ ላይ መለኪያ ካለ ሁለት ምልክት ታገኛላችሁ፣ ቀዝቃዛና ሙቅ፣ ሞተሩ ባለበት ሁኔታ አንብቡ። ማጠራቀሚያው የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑ ላይ ነው ምልክቱ። ከታችኛው በታች ከሆነ ግማሹ መልስ ተገኝቷል፣ ግን ሞልታችሁ አትሂዱ፣ የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

አሁን ትንሽ ዘይት በመለኪያው አንስታችሁ ነጭ ሶፍት ላይ ጣል አድርጉና ትንሽ ጠብቁ። ቀይ ሆኖ እኩል ከተሰራጨ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ትቶ ዙሪያው ቡናማ ከሆነና የተቃጠለ ሽታ ካለው ዘይቱ ጊዜው አልፏል። ሶፍቱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ስታዩት ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካለው ፓምፑ ውስጡ እየተበላ ነው፣ እዛ ላይ መካኒኩ ልክ ነው። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ወይ አረፋ ከያዘ ደሞ አየር ወይ ውሃ ገብቷል።

ምን ዓይነት ዘይት? ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ነው ምታምኑት፣ የሱቅ ልጁን አይደለም። ብዙዎቹ ሃይድሮሊክ ቶዮታዎች ደክስሮን 2 ወይም 3 ኤቲኤፍ ነው የሚጠቀሙት፣ የካምቢዮ ቀይ ዘይት የምንለው። ሆንዳ የራሱ የመሪ ዘይት አለው፣ ኤቲኤፍ አይወድም። ብዙ የጀርመን መኪኖች አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ዘይት፣ ፔንቶሲን ሚባለውን ይጠይቃሉ። የፍሬን ዘይት በምንም ተአምር አይጨመርም፣ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፣ ከዛ ፓምፕም ራክም ነው የምትቀይሩት። በስህተት ከገባ ሞተር ሳታስነሱ ሙሉ በሙሉ አስወጡት። የሞተር ዘይትም ይቅር።

"ፍሳሽ ያቆማል" እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው ኬሚካል ላይ ያለኝ አስተያየት፣ ላስቲኩን ስለሚያለሰልስ የደረቀ ሲልን (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘውን ላስቲክ) ለትንሽ ጊዜ ያስታግሳል፣ የተሰነጠቀ ቱቦን ግን አያድንም። መኪናውን ለመሸጥ ላሰበ ሰው ይመቻል (እኔ አልተናገርኩም)።

አየሩ ከየት ነው ሚገባው?

ይሄኛው ክፍል ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ ያፈሳል፣ ስለዚ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ በግፊት አይደለም ሚሠራው፣ በመሳብ ነው። ስለዚ እዛ ላይ ቀዳዳ ወይ የላላ ማሰሪያ ቢኖር ዘይት ወደ ውጪ ላይንጠባጠብ ይችላል፣ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፣ በተቀደደ ስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት። መሬቱ ደረቅ፣ ዘይቱ ሙሉ፣ ፓምፑ ግን ይጮሃል፣ እና ሁሉም ሰው "እንግዲህ ፓምፑ ነው" ይላል።

አየር መኖሩን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን ከፍታችሁ ሰው መሪ እያዞረ ማጠራቀሚያው ውስጥ ተመልከቱ። ትንንሽ አረፋ ከተነሳ ወይ ዘይቱ ከነጣ አየር አለ። ሌላ መለኪያ ደሞ አለ፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ደረጃ አስታውሱ፣ ከዛ አጥፉት። የታመቀ አየር ካለ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፍ ይላል፣ ቶዮታ በጥገና መመሪያው የሚፈቅደው ከፍታ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዛ በላይ ከዘለለ ውስጡ አየር ነው።

ከየት እንደሚገባ ለመያዝ ወፍራም ግሪስ ያስፈልጋችኋል። አንዴ ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ ጋራዥ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ ኮሮላቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ወጣቱ ልጅ "ጋሼ፣ ፓምፑ ሄዷል" አላቸው። "የኔ ልጅ፣ ባለፈው ክረምት እኮ ነው ያስቀየርኩት!" አሉ፣ ልጁም "እንግዲህ ያገለገለ ሰጥተዎት ነዋ" ብሎ ወደ መፍቻው ሄደ። ይሄን የሰማ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ መካኒክ ከጎን መጣና ምንም ሳይናገር በጣቱ ግሪስ ዝቆ ሞተሩ እየሠራ ፓምፑ አናት ላይ፣ የመሳቢያው ቱቦ የሚገባበት መገጣጠሚያ ዙሪያውን ሞላው። "አሁን ያዙሩ እስቲ ጋሼ።" ድምፁ በግማሽ ወረደ። ሞተሩ ጠፍቶ መገጣጠሚያው ሲፈታ ውስጡ ያለው ኦሪንግ ክቡ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ በጥፍሩ ሊያጥፈው ሲል ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሽማግሌው ሁለቱን ስባሪ በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት፣ ፓምፕ የሸጠላቸውን ሰውዬ ሊያሳዩት ይመስለኛል።

እናንተም ያንኑ አድርጉ። ግሪሱን አንድ ቦታ ቀቡ፣ አድምጡ፣ ከዛ ቀጣዩን። ፓምፑ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ ማጠራቀሚያው ስር ያለው ማሰሪያ ፋሼታ፣ የቱቦው መታጠፊያ። ቱቦውን ጨመቅ አድርጉት፣ ደርቆ ከነቃ ወይ ስትጨምቁት ከተንኮሻኮሸ ይቀየር። እጃችሁ ቤልቱ አጠገብ ከደረሰ ግን ሞተሩን አጥፍታችሁ ቀቡና መልሳችሁ አስነሱ። ኦሪንግ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዘይት የሚችል ላስቲክ መሆኑን ጠይቁ፣ የቧንቧ ኦሪንግ በዘይት ያብጥና ይበላሻል። ስትገጥሙት ደረቁን አትግፉት፣ ኤቲኤፍ ነከር አድርጉት። ፋሼታውም የዛገ ከሆነ አብሮ ይለወጥ፣ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር የሚባል ነገር እዚ አይሠራም።

የግፊቱ ቱቦ፣ ጫፉ በብረት የተጨመቀው ማለቴ ነው፣ እሱ ደሞ ወደ ውጪ ነው ሚያፈሰው። እዛ ያለው ግፊት እንደ መኪናው ዓይነት 60 ባር እና ከዛም በላይ ይደርሳል፣ የጎማችሁ ንፋስ ሁለት ባር ምናምን እንደሆነ አስቡት። ስለዚ ፍሳሽ ለመፈለግ በባዶ እጅ አትዳስሱ፣ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል፣ ከባድ ጉዳት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ካርቶን አስጠጉለትና ካርቶኑ ላይ የሚታየውን ርጭት እዩ።

ወንፊቱ

ብዙ ማጠራቀሚያዎች ታች ላይ ስስ ወንፊት አላቸው፣ ዓመታት ያጠራቀመው ዝቃጭ ሲደፍነው ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ፓምፑ ይራባል። ዘይቱን በትልቅ ስሪንጅ ስባችሁ አውጡና በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ። ከጠቆረ ማጠራቀሚያውን አውርዱት፣ በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ወይ በንጹህ ኤቲኤፍ እጠቡት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ወንፊቱን በካቻቢቴ አትፈቅፍቁት፣ ከተቀደደ ዝቃጩ ቀጥታ ፓምፑ ውስጥ ነው ሚገባው። ወንፊቱ ካልነጣ ያገለገለ ማጠራቀሚያ ፈልጎ መቀየር ይሻላል፣ ውድ ዕቃ አይደለም።

ቤልት

ድምፁ ሹል ከሆነ እዚ ናችሁ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቤልቱን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጫኑት፣ በሁለቱ ፑሊዎች (ቤልቱ የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) መሃል ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ማለቱ ለአብዛኞቹ የድሮ መኪኖች ይበቃል። የውስጥ ገጹን ገልብጣችሁ እዩ፣ ስንጥቅ ካለው ወይ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ይቀየር። የውሃ ምርመራም አለ፣ እየጮኸ እያለ የቤልቱ ጥርስ ላይ ትንሽ ውሃ እርጩ። ጩኸቱ ከባሰ ላልቶ እየተንሸራተተ ነው፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም ካለ ፑሊዎቹ አልተስተካከሉም። ላላ ተብሎ ደሞ ከመጠን በላይ አትወጥሩት፣ የፓምፑንም የዲናሞውንም ኩሽኔታ ይበላል። ሳሙና ቀብቶ ዝም የሚያሰኝ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ፓምፑ ይሁን ዲናሞው ካልለያችሁ ቤልቱን አውጥታችሁ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ፣ አስነሱት። ዝም ካለ ድምፁ ያ ቤልት ከሚያዞራቸው አንዱ ነው፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አሽከርክሩ፣ የሻከረው ራሱን ያጋልጣል። አንዳንድ መኪና ላይ ያው ቤልት የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር ነው አታቆዩት ያልኩት።

ዘይቱን መቀየር

ለአነስተኛ መኪና ሲስተሙ የሚይዘው ወደ አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ ለማጠቢያ ጭምር ሁለት ሊትር ግዙ። ክሪክ፣ ስታንድ፣ ስሪንጅ፣ ባዶ የሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ፒንሳ፣ ጨርቅ፣ እና አንድ ትዕግሥት ያለው ጓደኛ።

ሜዳ ላይ ሁኑ፣ ቸርቸል ጎዳና ዳገት ላይ አይሞከርም። የኋላ ጎማዎቹን ድንጋይ አስደግፉ፣ ፊቱን አንሱና ስታንድ ላይ አስቀምጡት፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። የማጠራቀሚያውን ዘይት በስሪንጅ አውጡ። ቀጥሎ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለሰውን ቱቦ ፍቱ፣ ሁለት ቱቦ ካለ ወፍራሙ ባብዛኛው የመሳቢያው ነው፣ ቀጭኑ የመመለሻው። የቱቦውን ጫፍ ሃይላንዱ ውስጥ ክተቱ፣ ማጠራቀሚያው ላይ የቀረውን ክፍት አፍ በጎማ ቆብ ወይ በንጹህ ብሎን ድፈኑት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ግን የመሪው ሎክ እስኪለቅ ዞሮ፣ ጓደኛችሁ መሪውን ቀስ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ያዙር፣ እናንተ አዲስ ዘይት እየጨመራችሁ። ማጠራቀሚያው መቼም ባዶ አይሁን፣ ከደረቀ አየር ይስባል። መጀመሪያ ጥቁር ይወጣል፣ ከዛ ቡናማ፣ ከዛ ቀይ። ቀይ ሲሆን ቁሙ፣ ቱቦውን መልሱ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ካልተመቻችሁ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ብቻ በስሪንጅ አውጥቶ በአዲስ መሙላት፣ ጥቂት ቀን መንዳት፣ እንደገና መድገም ይቻላል። ቀርፋፋ ነው ግን ቀስ በቀስ ያጠራዋል። አሮጌውን ዘይት ጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትድፉት፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።

አየር ማስወጣት

ዘይት ተቀይሮ ድምፁ ከበፊቱ ከባሰ አትደንግጡ፣ አየር አልወጣም ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚ ጋ ተስፋ ቆርጦ "ዘይቱ አልተስማማውም" ይላል።

የፊት ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ሃያ ጊዜ ያህል በቀስታ አዙሩ። በመሃል ዘይቱ ስለሚወርድ ሙሉ። አረፋ መምጣት ሲያቆም ሞተሩን አስነሱ፣ ነዳጅ አትስጡት፣ በዝቅተኛ ዙር እንዳለ መሪውን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብላችሁ መልሱት፣ ጥግ ላይ ሳታቆዩ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ አጥፉትና አንድ ሰዓት ስጡት፣ ቡና አፍልታችሁ ጠጡ፣ አየሩ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ከዛ ድገሙ። ቸኩሎ ዙር መስጠት አየሩን ይበልጥ ዘይቱ ውስጥ ይበትነዋል፣ በደንብ እስኪወጣ ሁለትና ሦስት ዙር መድገም ያጋጥማል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልጠፋ፣ ፓምፑ

አሁን ነው ፓምፑን መጠርጠር ያለባችሁ። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ፓምፑ አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮአችሁ ጋ አድርጉ (ቤልቱን እያያችሁ!)፣ ሞተሩ እየሠራ ውስጡ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ወይ ስስ ብረቶቹ አልቀዋል። የግፊት መለኪያ (ጌጅ) ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ግፊቱን ማስለካት ከሁሉ ይበልጣል፣ ያኔ ክርክር የለም። መሪው በዝቅተኛ ዙር ከብዶ ነዳጅ ሲሰጠው ብቻ የሚቀል ከሆነ እሱም ወደ ፓምፑ ይጠቁማል።

አዲስ ካልተገኘ ወይ ዋጋው ካልተቀመሰ ያው ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስዕል አይበቃም፣ የቱቦ መግቢያውና የብሎን ቀዳዳዎቹ ጎን ለጎን ይተያዩ። ያገለገለውን ስትመርጡ ዘንጉን በእጅ አዙሩ፣ ልስልስ ብሎ ትንሽ እየከበደ መዞር አለበት፣ የሚይዝ የሚለቅ ከሆነ መልሱት። ዘንጉን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉ፣ ጨዋታ ሊኖረው አይገባም። ፑሊው ጀርባ ያለውን ሲል እዩ፣ ዘይት የጠጣ አቧራ ከተጋገረበት እያፈሰሰ ነበር። መግቢያው ላይ ትንሽ ኤቲኤፍ ጠብ አድርጋችሁ ስታዞሩት በመውጫው መትፋት አለበት። እና ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት "ካልሆነ ትቀይርልኛለህ አይደል?" ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ከከፈላችሁ በኋላ ያው ታውቁታላችሁ።

ፑሊው ተጠቅጥቆ የገባ ዓይነት ከሆነ በፑለር (ስቦ በሚነቅል መሣሪያ) ነው ሚወጣው፣ በመዶሻ የሚመታ ካያችሁ አስቁሙት፣ ምቱ በዘንጉ አልፎ ውስጡን ይሰብረዋል፣ የገዛችሁት ፓምፕ ሳይገጠም ሞተ ማለት ነው። ከመገጠሙ በፊት ፓምፑ ውስጥ ዘይት ጨምራችሁ በእጅ አዙሩት፣ ደረቁን አይነሳ። የመሳቢያው ኦሪንግ የግድ አዲስ ይሁን። አሮጌው ፓምፕ ብረት ካራገፈ ደሞ ሲስተሙ ሳይታጠብ አዲሱ አይገጠም፣ ያ ብናኝ ዞሮ ይመጣል።

ከዛ በኋላ መኪናው ቆሞ መሪ ማዞር ቀንሱ፣ ጠባብ ቦታ ላይም ቢሆን ትንሽ እየተንቀሳቀሳችሁ አዙሩ። ዘይቱን በየ50,000 ኪሎ ሜትሩ ወይ በየሦስት ዓመቱ ብትቀይሩት ጥሩ ነው፣ ብዙ አምራቾች ቀን ስለማያስቀምጡለት ተረስቶ ነው ሚቀረው።

ሥራው ካለቀ ከሳምንት በኋላ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ደረጃውን እዩ፣ የነካካችኋቸውን መገጣጠሚያዎች በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና እርጥበት ካለ አጥብቁ። ደረጃው ወርዶ ቱቦዎቹ ግን ደረቅ ከሆኑ ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ራኩ ጫፍ ላይ ያሉትን የላስቲክ ሽፋኖች ጨመቅ አድርጉ፣ ውስጣቸው ዘይት ከተንቦጫረቀ የራኩ ሲል ነው የለቀቀው፣ እሱ ደሞ ራክ ማውረድና በኋላ አላይመንት ማሠራት ስለሚጠይቅ ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም፣ ራክ በመጠገን የሚታወቅ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።